ሁለት ጊዜ የገዛኋት ካፖርት

ቆይ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የልጅ ልብስ በጨርቅ ነው በወርቅ የሚሰፋ? ቀሚሲቱ ከክንዴ አትበልጥም፣ ዋጋዋ ግን ቁመቴን ያህላል! ምነው ስትሉት ባለሱቁ ዶላር ጨመረ ይላችኋል። የእኔ ልጅ ዶላር አትለብስ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?

በዚያ ላይ ልጅ ያድጋል። ይደግ፣ እሰየው! ግን በመስከረም የገዛሁት ሱሪ በጥር ከቁርጭምጭሚት በላይ ሲሸሽ ደሞዜ አብሮ አያድግም እኮ። የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ መዝገብ ቤት ነው። የመዝገብ ቤት ደሞዝ ደግሞ እንደ መዝገቡ ነው፤ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ሰልባጅ ነው የምገዛ። አላፍርበትም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ትሉኝ ይሆናል፤ የለም፣ እኔ አውቄበት ነው። ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት ቀድሜ እደርሳለሁ። ስፌቱን ገልብጬ አያለሁ፣ ዚፑን ሦስት ጊዜ እስባለሁ፣ ብብቱን አሸታለሁ።

ለመሆኑ የቡቲኩ «አዲስ» ከየት የመጣ መሰላችሁ? አልማዝ የምትባል የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ሰልባጅ ሲነሳ አፍንጫዋን የምትይዝ ናት። ለልጇ ከቡቲክ ጃኬት ገዛች፤ የተተኮሰ፣ በላስቲክ የታሸገ፣ ዋጋው የማይነገር። ኪሱ ውስጥ ምን ቢገኝ ጥሩ ነው? የሰው አገር የአውቶቡስ ትኬት! ያውም የተቀደደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አልማዝ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ትኬቱን ፋብሪካው ነው የከተተው ትላለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጥምቀት ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ለልጄ ለሶልያና ቀሚስ ልፈልግ ወጣሁ። ስምንት ዓመቷ ነው። የአምናው ከጉልበቷ በላይ ወጥቷል፣ እሷ ደግሞ ከገና ጀምራ «እማዬ፣ ለጥምቀት ምን ልለብስ ነው?» እያለች መቀመጫ አሳጥታኛለች። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያሉ ሰዎች መቼም ዋጋ ሳይጠይቁ ነው የተናገሩት።

ሰልባጅ ተራ ደርሼ ክምሩን ስበረብር አንዲት ቀይ ካፖርት ዓይኔ ገባች። ቀሚስ ፍለጋ የወጣሁ ሴትዮ ካፖርት ላይ ተተከልሁ። ለሶልያና እንደምትጠባት አይቻለሁ፣ ግን እጄ አልለቅ አለ። እንዴት ያለች ካፖርት! ነጋዴው «ከጣሊያን ናት፣ ቦንዳዋ ገና ትናንት ነው የተፈታ» ይለኛል። እኔ ስሙን እንደማላስታውሰው ሰው ትክ ብዬ አያታለሁ። ከቁልፎቿ አንዷ ከሌሎቹ ትለያለች። ይህችን ቁልፍ የት ነው የማውቃት?

የባሌ የሰርግ ኮት ቁልፍ! እኔው ነኝ የተከልኋት! አንገቷን ገልብጬ ባይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት «ሶልያና» ይላል። መዋዕለ ሕፃናት ሳለች እንዳይጠፋባት የጻፍሁት ነው።

ይህች የልጄ ካፖርት ናት አልሁት። «እኅቴ፣ ሶልያና የጣሊያን ስም ነው» አይለኝ መሰላችሁ!

አምና አጥቤ፣ ተኩሼ፣ መሸንቲ ለምትኖረው ለአክስቴ ልጅ ለጥሩወርቅ የሰጠኋት ካፖርት ናት። ለትንሿ ልጅሽ ብዬ ነበር። ያውም ዝም ብዬ አልሰጠኋትም፤ የውጭ ዕቃ ስለሆነች በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢያት ብዬ በደንብ አስተምሬያታለሁ። እሷ ሸጠቻት! ስጦታ ይሸጣል? የት አገር ነው ስጦታ የሚሸጥ?

ደሜ ፈላ። ማስረጃ ትሆነኛለች ብዬ ካፖርቷን ገዛኋት። ሰውዬው ንዴቴን አይቶ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰልኝም። የቀሚሱ ገንዘብ እዚያው አለቀ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ መሸንቲ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ሄድሁ። ጥሩወርቅ እጇን እየጠረገች ወጣች፤ «ውይ፣ ምን እግር ጣለሽ!» ብላ ሳመችኝና አስቀመጠችኝ። ካፖርቷን ከፌስታል መዝዤ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ትደነግጣለች ስል ሳቀች።

«አንቺ! ከየት አገኘሻት?»

እንዴት ትሸጫታለሽ አልኋት።

«ታዲያ ለጥምቀት ሰው የለበሰውን ላለብሳት ኖሯል?»

ለካስ በቅዳሜ ገበያ ለሰልባጅ ነጋዴ ሸጣ፣ በገንዘቡ ጨርቅ ገዝታ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቿ አሰፍታበታለች። ሳጥኗን ከፍታ አሳየችኝ። ሁለት ነጭ ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥልፍ፣ እጥፋቱ ገና ያልተፈታ። ዓመቱን ሙሉ የተጣፈ ይለብሳሉ፤ ለጥምቀት ግን አዲስ ነው፣ ሌላ ወሬ የለም አለችኝ። የደረደርሁትን ንግግር ትቼ ጥልፉን ጠጋ ብዬ አየሁ።

«የሶልያናስ ምን ዓይነት ነው?» አለች።

ምን ልበል? የሶልያና ቀሚስ ማስረጃ ሆኖ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ጥሩወርቅ እኔን አየች፣ ካፖርቷን አየች፣ ከዚያ ከሳጥኑ ሥር ሌላ ቀሚስ አወጣች። የትልቋ ልጇ የወርቄ የአምና ቀሚስ ነው።

«አጥሯታል፤ ለሶልያና ልክ ነው። ከእኔ ልጅ በቀር ማንም አልለበሰው። የማን ገላ እንደነካው የማይታወቅ ነገር ለልጅሽ አታልብሺ፣ እኅት ዓለም።» ጠቅልላ ሰጠችኝና ጨመረች፤ «በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው፣ ጥልፉ ይለቃል።»

አያችሁ? ልቆጣ ሄጄ ተመጽውቼ ተመለስሁ! ደሞዝተኛዋ እኔ፣ የከተማዋ እኔ! ስመለስ ካፖርቷን ይዤ ቀጥታ ወደ ነጋዴው ሄድሁ፤ ተቀበለኝ፣ ገንዘቤን መልስ አልሁት። አንገቷን ገለበጠና ስም የተጻፈበት አሮጌ አልገዛም አለኝ። የጣሊያን ስም ነው አላልህም ወይ ብለው፣ «ጽሕፈቱ የሐበሻ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ይኸው እስከ አሁን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅላለች።

የጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ሲመለሱ ሶልያና በነጩ ቀሚስ እልል እያለች ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች። እንዴት እንዳማረባት! መሀል ላይ አልማዝ ከልጇ ጋር አገኘችን። ጥልፉን በጣቷ ዳሰሰች። ከየት አመጣሽው፣ ከተማውን ሁሉ ዞሬ እንዲህ ያለ አላገኘሁም አለችኝ። «ልዩ ትእዛዝ ነው» ልላት አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ።

«የእነ ወርቄ የአምና ነው!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አልማዝ አፍንጫዋን እስክትይዝ ጠበቅሁ። አልያዘችም። ግራ ቀኝ ዞር ዞር ብላ አይታ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፤ «ሶልያናን ሲያጥራት ለእኔዋ ትሰጭኛለሽ?»

ቀና አልሁ። ነጠላዬን አስተካከልሁ።

«እሺ» አልኋት፤ «ግን በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው።»