እምቢ ማለት ያቃታቸው አባት

ፊልም መሥራት የሚከብደው ካሜራ ስለሚጠፋ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ደባርቅ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጸው ሰውዬ ሁለት ካሜራ ነበረው፤ ሁዳዴ ገብቶ ሠርግ ሲቆም አንዱን ለትምህርት ቤታችን የፊልም ክበብ አዋሰን። የቸገረን ሰው ነው። በተለይ ጨዋ ሰው።

ደራሲውም፣ አዘጋጁም፣ ዋናው ተዋናይም እኔ ነበርኩ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ሥራ ፈት ወጣት ሽማግሌ ይልካል፣ አባትየው እምቢ ይላሉ፣ ልጁ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። የምትታጨዋን ልጅ የተጫወተችው የክፍሌ ልጅ የሺ ናት። ፊልሙን የጻፍኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእሷ አጠገብ ለመቆም ነው። አባቷ አቶ አስማረ ግን “ልጄ አባት እያላት ሌላ ሰው አባት አይሆናትም” ብለው የአባትነቱን ቦታ ራሳቸው ያዙት።

የሚጠበቅባቸው አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ “ልጄን ለሥራ ፈት አልድርም።” ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃቸው ቆሙ። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ፤ በሉ ያላቸው የለም፣ ልማዳቸው ነው። አቶ አስማረ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

“እናንተን የመሰለ ሰው ደጄ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል? ሰጥቻለሁ።”

ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም ከካሜራው ጀርባ ከልቤ አሜን አልኩ።

ደገምነው። ሰጡ። “ጋሼ፣ እባክዎ ይከልክሉ፤ ውሸት እኮ ነው” ብዬ ለመንኳቸው።

“ውሸቱስ ውሸት ነው ልጄ፤ ሰዎቹ ግን የእውነት ቆመዋል” አሉኝ። በሦስተኛው ቀረጻ ጥማድ በሬም ጨምረው ሰጡ። ባትሪው አለቀ።

የሊማሊሞውን ልቅሶ ቀድመን ቀርጸነው ስለነበር፣ ፊልሙ ላይ ልጁ የወደዳት ከተሰጠችው በኋላ አፋፍ ላይ ቆሞ ይንሰቀሰቃል። ተመልካቹ የደስታ እንባ መሰለውና አጨበጨበ። ከፊልም ሥራ የተማርኩት፣ ጨዋ ሰው በውሸትም ቢሆን እምቢ ማለት እንደማይችል ነው ብዬ ለዓመታት አወራሁ፤ ተሳስቻለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ ከየሺ ጋር ተማክረን እነዚያኑ ሦስት ሽማግሌዎች የእውነት ላክሁ። ሦስት ጊዜ የሰጠኝን ሰው ምን እፈራለሁ?

አቶ አስማረ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ያቺን ዐረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳይጥሉ ተናገሯት፦ “ልጄን ለሥራ ፈት አልድርም።”

“ያኔ ሰጥተውን አልነበረም እንዴ?” ቢሏቸው፣ “ያኔማ ፊልም ነው” አሉ።

እኔም ሊማሊሞ ወጣሁ። ልቅሶዬ ከድሮው እጅግ የተሻለ ነበር፤ የሚቀርጸው ግን አልነበረም።