ባሕር ለማየት ማን ይሙት?

እኛ ያለ ምክንያት መንገድ አንወጣም። እስቲ በዕድሜያችሁ የሄዳችሁባቸውን ሩቅ ከተሞች አስታውሱ፤ አንዱ ጋ ለሠርግ፣ ሌላው ጋ ለለቅሶ፣ ሦስተኛው ጋ ለሕክምና፣ አራተኛው ጋ ደግሞ «ሥራ አለ» ተብላችሁ ነው። (ሥራውም አልነበረም።) «ወዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ጎረቤት «እንዲሁ ዘወር ዘወር ልበል ብዬ» የሚል ሰው ወይ የደበቀው ነገር አለ፣ ወይ የሚያሳድደው ሰው አለ፣ ወይም፣ ከእኛ ይራቅና፣ ጤናውን አጥቷል። ፈረንጅ ግን ከራሱ የሚበልጥ ሻንጣ በጀርባው አዝሎ፣ በቁምጣ፣ ካገር አገር ሲንከራተት እናየዋለን። ምን ፍለጋ እንደመጣ ብንጠይቀው «ምንም» ይለናል። እናምነዋለን። ፈረንጅ ነዋ!

ይህን የምላችሁ ዝም ብዬ ልፈላሰፍ ፈልጌ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። ጆሃንስበርግ ውስጥ በአንድ የጥርስ ላቦራቶሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። ወረርሽኙ መጣና ከተማው በሙሉ አፉን ሸፈነ። አፉን የሸፈነ ሰው ደግሞ ለጥርሱ ምን ገዶት! ሙሉውም ጎደሎውም፣ ነጩም ቢጫውም በማስክ ሥር እኩል ሆነ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ለማንም ያልታዘዘ መንጋጋ ስወለውል የከረምኩትን አይቶ አለቃዬ «እስክንጠራህ ድረስ እረፍ» አለኝ። እረፍ! ለእኛ ለስደተኞች ከዚህ የሚከብድ ትእዛዝ የለም። ሦስት ቀን አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣራ ስቆጥር ማረፍ አለመቻሌን አወቅሁት፤ ለካ ማረፍም ሙያ ነው።

መላውን ያመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ታንዲ ናት። ታንዲ የትራንስካይ ልጅ ናት፤ በባሕር ዳርቻ ያደገች። አሥራ አንድ ዓመት በደቡብ አፍሪካ ኖሬ ባሕር አለማየቴን ስትሰማ ራሷን ያዘች፤ ዳዊትን ዴቪድ እያለች ነው የምትጠራኝ።

«ሀዉ፣ ዴቪድ! እኛ ጋ ላሞቹ እንኳ አሸዋው ላይ ተኝተው ይዝናናሉ። አንተ ከላም ታንሳለህ?»

ከላም ማነስ ከበደኝ። ታንዲ የነገረችኝ አውቶቡስ ከጆሃንስበርግ ተነሥቶ ደርባን ይወርድና የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ፣ ኢስት ለንደን በምትባል ከተማ በኩል እስከ ኬፕ ታውን ይሄዳል። ትኬቱን አንዴ ከቆረጥክ ባሰኘህ ከተማ ትወርዳለህ፤ ስትሰለች በሚቀጥለው አውቶቡስ ትሳፈራለህ፤ የሚቆጣህ የለም። ድሮ የሚሳፈሩበት ሻንጣ የሚያዝሉት ፈረንጆች ነበሩ። ፈረንጆቹ በየአገራቸው ተቆልፎባቸው ስለቀሩ ግን የአገሬውን ሰው በግማሽ ዋጋ ይለምኑ ጀምረዋል። እርግጥ መንግሥት በመካከሉ ባሕሩንም ዘግቶት ነበር። አዎ፣ ባሕሩን። የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ነኝና ባሕር እንዴት እንደሚዘጋ አልገባኝም፤ ግን ዘጉት፣ በኋላም ከፈቱት። በተከፈተ በሳምንቱ ትኬቴን ቆረጥኩ።

አሁን የቀረው ጋሽ ኤርጫፎን መሰናበት ነው። ጋሽ ኤርጫፎ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ዳቬይተን ስፓዛ የሚሉት የመንደር ሱቅ አላቸው። ከሆሳዕና የመጣን ሰዎች እሳቸውን ሳናማክር ሚስት አናገባም፣ ሱቅ አንከፍትም፣ መኪና አንገዛም። በሱቃቸው የብረት ፍርግርግ በዚያኛው በኩል ሆነው ዳቦ እየሸጡ፣ ደርባንና ኢስት ለንደን እንደምወርድ ስነግራቸው አዳመጡኝ።

«ኢስት ለንደን ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም፣ ጋሼ።»

«ሱቅ ልታይ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ባሕሩን ላይ ነው።»

ዳቦውን ለደንበኛው ሳይሰጡ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ከማስካቸው በላይ ያሉት ዓይኖቻቸው በጀርባዬ ካዘልኩት ቦርሳ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ቦርሳው ተመላለሱ።

«ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው።

«ደኅና ናቸው። እናቴን ትንሽ ሳል ይዟት ነበር፤ ተሽሏታል።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። እኔ ሞኙ «መንገዱን ያቅናልህ» ለማለት ፈልገው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ደርባን ስወርድ አንድ የማላውቀው ያገሬ ልጅ ስሜን ጠርቶ ቦርሳዬን ከጀርባዬ ነጠቀኝ። ያገር ልጅ እያለ የትም ማደር ነውር ነውና ይህ አልገረመኝም። የገረመኝ ፍራሹን በር ላይ አንጥፎ መተኛቱ ነው። ሽንት ቤት ትንሽ ስቆይ ያንኳኳል። «አለህ?» «አለሁ።» ባሕሩን ልይ ስለው «ብቻህን? አይሆንም» ይላል፤ «እንግዲያው አብረን እንሂድ» ስለው «ሱቁን ለማን ትቼ?» ይላል። ደርባንን ያለ ባሕር ጨረስኳት። በማግስቱ ማለዳ ሲሸኘኝ ለሾፌሩ በዙሉ ቋንቋ አንድ ነገር ሹክ አለው። ሾፌሩ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝና መንገዱን ሁሉ፣ ልክ የታመመ ዘመዱን ሐኪም ቤት እንደሚወስድ ሰው፣ ቀስ ብሎ ነዳ።

ኢስት ለንደን ልንደርስ ስንል እናቴ ጋ ደወልኩ። አይነሣም። ደገምኩ። አይነሣም። እህቴ ጋ ሞከርኩ፤ ዝግ ነው። የዚያን ዘመን ስልክ ታስታውሱታላችሁ፤ ሲጮህም ያስደነግጣል፣ ዝም ሲልም ያስደነግጣል። በረራ የለም፤ እናት ብትሞት እንኳ የምትቀበረው በቪዲዮ ነው። ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩት።

አውቶቡሱ ቆመ። በመስኮት ሳይ ያገሬ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ወንዶቹ ኮት ለብሰዋል፣ ሴቶቹ ጥቁር ሻል ጣል አድርገዋል። ሁሉም ማስክ አድርገዋል፤ ማስክ ያደረገ ሐበሻ ደግሞ በደኅናውም ቀን መርዶ ነጋሪ ይመስላል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። አንድ ሰው መጥቶ አይነግራችሁም፤ ብዙ ሆነው ይመጣሉ። መንገድ ላይም አይነግሯችሁም፤ ቤት ያስገቧችኋል፣ ያስቀምጧችኋል፣ እህል ያስቀምሷችኋል። ባዶ ሆድ ሐዘን አይችልም ይባላል። ስለዚህ ከአውቶቡሱ ስወርድ አንዲት ተስፋ ነበረችኝ፤ ሰላምታቸውን ልይ አልኩ። ሰው ሁሉ በክርኑ በሚሰላለምበት በዚያ ዘመን፣ ተሰማ የሚባለው የመካከላቸው ታላቅ መጥቶ አቅፎ ያዘኝ። ጠበቅ አድርጎ። አለቀ። እናቴ ሞታለች።

አላለቀስኩም። ሳይነግሩኝ ማልቀስ እነሱን ማዋረድ ነው። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የተሰማ ግቢ ወሰዱኝ፤ ለርቀቱ ሲባል ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። የተሰማ ሚስት ብርቱካን ምግብ አቀረበችና «ወንድሜ፣ ትንሽ ቅመስ» አለችኝ። ቀመስኩ። ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። እኔ እንዲነግሩኝ እጠብቃለሁ። እነሱ ደግሞ (ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው) እኔ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ አልተቀመጠም፤ የኛ ዝምታ እዚያው ነቀዘ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አንዷ «እህህ» ትላለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ እየመጣ «ክረምቱ ሳይገባ ናና አንድ ቀን እንኳ አብረኸኝ ዋል» ያለችኝ ይደጋገምብኛል። አልሄድኩም ነበር። መጀመሪያ ወረቀቱ አላለቀልኝም፣ ቀጥሎ ሥራው አልለቀቀኝም፣ በመጨረሻ ድንበሩ ተዘጋ። አሁን ሥራ ፈትቼ ባሕር ላይ ልዝናና ስወጣ ሞተች።

በመጨረሻ ተሰማ ተነሣና ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ። «ጌታ ሆይ፣ የዚህን ወንድማችንን ልብ አንተ አጽናና...»

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «እናቴን!» ብዬ ጮኽኩ።

«ውይ! ለካ እናቱ ናት!» አለች ብርቱካን ደረቷን ይዛ።

ግቢው በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ለካ ሁሉም የየራሱን ይዞ ኖሯል፤ ተሰማ በዚያ ዓመት አባቱን በስልክ ነበር የቀበረው፣ ብርቱካን ወንድሟን። ሰብሰብ ብሎ ማልቀስ ተከልክሎ የከረመ እንባ ሁሉ የእኔን እናት ሰበብ አድርጎ ወረደ። አንዱ በስተጀርባ የሐዘን መዝሙር አነሣ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። እኔም ተንበርክኬ እጮኻለሁ። በዚህ መሐል ብርቱካን ከኪሴ ወንበር ላይ የወደቀውን ስልክ አንሥታ «ወንድሜ፣ ስልክህ ይጮኻል» ብላ ሰጠችኝ።

የተደወለው ከሆሳዕና ነው። መርዶውን እህቴ ልትነግረኝ ነው ብዬ አነሣሁት።

«መብራት ጠፍቶ ስልካችን ሞቶ ዋለ» አለች እናቴ። ራሷ እናቴ! «ስትደውል ነበር አሉ... ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው? ማን ሞቶ ነው?»

«አንቺ ነሽ፣ እማዬ።»

 በጥርጣሬ፣ «መቼ?» አለችኝ።

መሳቅ ጀመርኩ፤ ማልቀሴንም አላቆምኩም። ስልኩን ከፍ አድርጌ «በሕይወት አለች!» ስል መዝሙሩ ከመካከሉ ተቆረጠ። ተሰማ ስልኩን ተቀብሎ «እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» አለና መቀመጫ ፈለገ። ነገሩ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ኤርጫፎ በየከተማው ደውለው፣ «ልጁ ከባድ ሐዘን ደርሶበታል፤ አልተናገረም እንጂ ያለ ምክንያት መንገድ ወጥቷል። አትጠይቁት፤ ብቻ ብቻውን አትተዉት» ብለው ነበር። ሰው ባሕር ለማየት ብቻ ሊሄድ ይችላል የሚል ሐሳብ ከሆሳዕና እስከ ኢስት ለንደን ለአንድም ሰው አልመጣለትም።

ዓይናችንን ጠራርገን ስንጨርስ ሌላ ችግር መጣ። ገና አልመሸም፤ ሱቆቹ ሁሉ ለለቅሶ ተዘግተዋል፤ ሟች ግን የለም። ሰዎቹ ግራ ገባቸው። አንዱ ቁልፉን አወጣ፣ መልሶ ከተተው።

«እኔ ግን ባሕሩ የት ነው?» አልኩ።

ተሰማ ጭንቅላቱን አከከ። «ቅርብ ነው ይላሉ። በዚያ በኩል ነው መሰለኝ።»

«ይላሉ? ስንት ዓመት ሆነህ እዚህ?»

«ዘጠኝ ዓመት» አለችኝ ብርቱካን በሱ ፈንታ። «ማለዳ ሱቅ እንከፍታለን፣ ሲመሽ እንዘጋለን። እኔ የማውቀው ሽታውን ነው። ነፋስ ሲነሣ ይመጣል።»

በተሰማ ፒክአፕ ተጫንን። የለቅሶ ልብሳችንን እንደለበስን፣ ጥቁር ሻልና ክራቫት እንዳደረግን አሸዋው ላይ ስንወርድ ውሻቸውን የሚያዝናኑ ሰዎች ቀብር መስለናቸው መንገድ ለቀቁልን። ባሕሩን አየሁት። እንዴት እንደሚገለጽ አላውቅም፤ ብዙ ነው። በጣም ብዙ ነው። ያ ሁሉ ውኃ ማንም ሳያዘው ይመጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመጣል። ደስ አለኝ። እናቴ በሕይወት አለች፤ ጫማዬ በእጄ ነው፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ሊኖረኝ ይገባል ብዬ ሳላስብ የቆምኩት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። አውቶቡሱ ትቶኝ ሄዷል፤ ይሂድ፤ ሌላ ይመጣል።

ብርቱካን ማስኳን አውልቃ፣ በእጇ ዘግና ቀመሰችው። «እውነትም ጨው ነው!» ብላ ጮኸች፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሲዋሿት የኖሩ ይመስል። ተሰማ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ገባ። ማዕበል መጣና እስከ ወገቡ አረጠበው። ተሳደበ፤ ሽማግሌ አይደል፣ በልኩ ተሳደበ። ከዚያ ሳቀና ወደ ውስጥ ቀጠለ።

የተሰማ ስልክ በኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ ጮኸ። ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ድምፁን ከፍ አደረገልን።

«ልጁ እንዴት ሆነ?»

ተሰማ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ሻሏን ወገቧ ላይ አሥራ ከማዕበሉ ጋር የምትሯሯጠውን ሚስቱን አየ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ነገሩ ተላላፊ ነው። እኛንም ይዞናል።»

«ይሄ የሚጮኸውስ ምንድን ነው?»

«ባሕሩ ነው፣ ጋሼ።»

ከወዲያ ማዶ አንድ ደንበኛ በፍርግርጉ በኩል ዳቦ ሲጠይቃቸው ይሰማናል፤ አልመለሱለትም። ከዚያ «እስቲ ልጁን አቅርብልኝ» አሉ። ስልኩን ተቀብዬ ተግሣጼን ለመቀበል ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ዳዊት» አሉኝ፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሣው ያልከኝ?»