አሥራ ሁለተኛው ብልሽት

እትዬ፦ ጻፍ ብዬሃለሁ፣ ጻፍ! እስክሪብቶህን አንሳ!

ሊቁ፦ አልጽፍም።

እትዬ፦ ደመወዝ የሚከፍሉህ ለመጻፍ አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ ለማሰብም ነው፣ እትዬ። እኔ ሳስበው ደግሞ ቧንቧው ደኅና ነው።

(ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እትዬ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። የካንሰር ሕክምና ከጀመሩ ወዲህ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይናቸው ዞሮ አያውቅም። አሁን ኩሽናቸው ውስጥ ወንበር ላይ ቆመው ስልክ ጨብጠዋል። የሚያናግሩት የውሃ ብልሽት መቀበያ ቢሮውን የሌሊት ተረኛ ነው። የማያውቀው ነገር ያለ ስለማይመስለው ባልደረቦቹ በሹፈት «ሊቁ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ የእውነት መስሎት ደስ ይለዋል።)

እትዬ፦ ልጄ፣ ውሃው ወንበሩ ሥር ደርሷል እኮ!

ሊቁ፦ ባለፈው ሳምንትም ጣሪያ ደርሶ ነበር። ሠራተኞች ልከን ግድግዳዎን ሲዳብሱ ዋሉ፤ አንዲት ጠብታ አላገኙም። (መዝገብ ሲያገላብጥ ይሰማል።) በአንድ ወር አሥራ አንድ ጊዜ! ሁሉም በስምንትና በአሥር ሰዓት መካከል። ቧንቧ ሰዓት እያየ አይፈነዳም፣ እትዬ።

እትዬ፦ እሺ፣ አሥራ አንዱ ውሸት ነበር። ይኸው አመንኩ። አሥራ ሁለተኛው ግን እውነት ነው!

ሊቁ፦ አላልኩም? ከሦስተኛው ጀምሮ ነቅቼብዎታለሁ።

እትዬ፦ ከነቃህብኝ ለምን ሠራተኛ ትልካለህ ታዲያ?

ሊቁ፦ አሠራር ነዋ። እውቀት ሌላ፣ አሠራር ሌላ።

እትዬ፦ አሠራርህ ነው ጉድ የሠራኝ! ትናንት የላክሃቸው የሌለ ብልሽት ፍለጋ ደጄ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ደኅናውን ቧንቧ በዶማ መቱት። ይኸው አሁን ፈነዳ!

ሊቁ፦ ይስሙኝማ፣ ምስጢር ልንገርዎት። አለቃችን ዛሬ ማስታወሻ ለጥፏል። ከእርስዎ ስልክ አንድ ተጨማሪ የሐሰት ጥሪ ከተመዘገበ ቁጥርዎ ይታገዳል። ከጻፍኩ ተለያየን ማለት ነው። ገባዎት?

(እትዬ በመስኮቱ ቁልቁል አዩ። ከኩሽናቸው መስኮት በዚህ ሰዓት የሚታይ መብራት አንድ ብቻ ነው፤ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለው የሊቁ ቢሮ። መጀመሪያም የደወሉት ያን መብራት አይተው ነው። ቁጥራቸው ቢታገድ እስኪነጋ ያለውን ሰዓት ከማን ጋር ይገፉታል? ፈሩ።)

እትዬ፦ (ቀስ ብለው) የሚታገደው ውሸት ከሆነ ነው አይደል? ይኼ እውነት ነው። ጻፍ።

ሊቁ፦ እርስዎን የቸገረዎት ቧንቧ አይደለም፤ ሰው ነው። ሕመምዎን ከነገሩኝ ወዲህ ስለ ሕመምተኛ አያያዝ አንብቤያለሁ። አንድ ሙሉ ገጽ።

እትዬ፦ አንድ ገጽ!

ሊቁ፦ ፊትና ጀርባ። ሲያወሩ አታቋርጣቸው ይላል።

እትዬ፦ እኮ አታቋርጠኝ! ውሃው…

ሊቁ፦ አበረታታቸውም ይላል። እርስዎ ጠንካራ ነዎት፣ እትዬ።

እትዬ፦ ወይ ጠንካራ! ልጄም «እማዬ ጠንካራ ነሽ» ትለኝና ስልኳን ዘግታ ትተኛለች። ምራቴ ስሙን የማላውቀው ቅጠል ትልክልኛለች። ጎረቤቴ የአክስቷ ልጅ በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተች አንድ በአንድ አጫውታኝ «አይዞሽ» ብላ ትወጣለች። ቀን ቀን አይዞሽ ባዩ ቤቱን ይሞላዋል። ሌሊት አጥንቴን ሲጠዘጥዘኝ አንድም የለ! አንተ ብቻ ነህ «የቆጣሪዎ ቁጥር ስንት ነው?» ብለህ እንደ ጤነኛ የምታናግረኝ። ለዚህ ነው የምደውለው። በቃህ?

ሊቁ፦ አንጀቴን በሉት። ያልቅሱ፣ ይውጣልዎት።

እትዬ፦ ማን አለቀሰ?

ሊቁ፦ ሲንዠቀዠቅ ይሰማኛል እኮ!

እትዬ፦ ቧንቧው ነው፣ አንተ ደንቆሮ!

ሊቁ፦ ቁጣ ይመጣል ይላል ገጹ። ጥሩ ምልክት ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

እትዬ፦ ልቤን አታውልቀው! የቤት ጫማዬ ተንሳፍፎ ሳሎን ገብቷል! ውሃው ደጄን ሞልቶ፣ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ወደ አንተ እየመጣ ነው!

ሊቁ፦ እዚህ መሥሪያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከእርስዎ ደጅ የተነሣ ውሃ እዚህ አይደርስም። የመንገዱ አቀማመጥ በራሱ…

(ወንበር ሲጎተት ተሰማ።)

እትዬ፦ ምነው?

ሊቁ፦ ካልሲዬ…

እትዬ፦ ካልሲህ ምን ሆነ?

ሊቁ፦ ረጠበ። (ጮኸ) እትዬ፣ በበሩ ሥር እየገባ ነው! ኧረ መዝገቦቹ!

እትዬ፦ መዝገቡን ተወውና ጠረጴዛ ላይ ውጣ። ከዚያ ጻፍ።

ሊቁ፦ ወጣሁ። ጻፍኩ። ሠራተኞቹን በሌላኛው ስልክ ቀሰቀስኳቸው። አንድ ሰዓት ይፈጅብናል ይላሉ።

(ከመስኮቱ ማዶ ያለው ብቸኛ መብራት ድርግም አለ። እትዬ ጨለማውን አፍጥጠው አዩት።)

እትዬ፦ መብራትህ ጠፋ እኮ። አለህ?

ሊቁ፦ አለሁ። እትዬ… አይዝጉብኝ፣ በሞቴ። ጨለማ እፈራለሁ።

እትዬ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሌሊት ተረኛ ሆነህ?

ሊቁ፦ ለዚህ ነው መብራት የማላጠፋው። ደግሞ በሌሊት ከእርስዎ በቀር የሚደውልልኝ የለም። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ የመዘገብኩት… ካልመዘገብኩ ይቀራሉ ብዬ ነው።

(እትዬ ሳቃቸው መጣ። ወንበሩ እንዳይገለብጣቸው ግድግዳውን ያዙ።)

እትዬ፦ እኔ እኮ አታለልኩት ብዬ አሥራ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲጸጽተኝ ነበር!

ሊቁ፦ ይዘጉታል እንዴ?

እትዬ፦ የት እሄዳለሁ፣ ወንበር ላይ ቆሜ? በል አጫውተኝ። እኔ እንደሆንኩ እስኪነጋ አልተኛም።