ከደረጃው ሥር የሚቆሙት አቶ ሣህሉ

አቶ ሣህሉ ዘወትር ጠዋት ከደረጃው ሥር ይቆማሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይይዙና አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እናንተ ቅደሙ» ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት አገር ውስጥ አይገኝም። በሠርግ ቤት ደጃፍም፣ በልቅሶ ድንኳንም ሌላው ሳያልፍ አያልፍም፤ የሞተ ዕለት እንኳ ቀባሪዎቹን «እናንተ ቅደሙ» ሳይል የሚቀር አይመስልም። ክቡር አቶ ሣህሉ ግን የቅደሙዎች ሁሉ አለቃ ነበሩ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ አሰብ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቤት የጭነት ሰነድ ይጽፋሉ። ቢሮው ጣልያን የሠራው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ሃያ ሁለት።

አንድ ቀን ባለሱቁ ሀሩን ወረቀትና ቀለም ተሸክሞ መጣና ከደረጃው ሥር ተገናኙ። ሀሩንም በአክብሮት የሚታማ ሰው አይደለም።

«ይቅደሙ፣ አቶ ሣህሉ።»

«አንተ ቅደም፤ ሸክም ይዘሃል።»

«ወላሂ አልቀድምዎትም።»

«በማርያም ብዬሃለሁ።»

መሐላው እንዲህ ሲመላለስ የቀትሩ አዛን ተሰማ። ሀሩን ዕቃውን አንደኛው ደረጃ ላይ አስቀምጦ ወደ መስጊድ ሄደ፤ አቶ ሣህሉ አሸነፉ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ ደግሞ ይህን ሥነ ሥርዓት አይቶ «ትሕትናን ከእኚህ ሰው ተማሩ» ሲል ንግግር አደረገ። ከዚያ ወዲያ ወጣቶቹ ጸሐፊዎችም ከደረጃው ሥር እየቆሙ እርስ በርስ መገባበዝ ያዙና ሥራ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ዘገየ።

ከደሴ ካሚዮን በመጣ ቁጥር አቶ ሣህሉ ሾፌሩን ይመርን ፍለጋ ይሮጣሉ። ሜዳ ላይ ሲሮጡ እንከን የለባቸውም። ቤታቸው ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ሰው የዘመዱን ደኅንነት እንደሚጠይቅ፣

«አቀበቱ እንዴት ከረመ?» ይላሉ።

«ደኅና ነው ጋሼ፤ እዚያው ነው፤ ፈቃድ አልወጣም።»

«ጭቃ አለው?»

«እስከ ቁርጭምጭሚት። እኔን ሁለት ቦታ አስቀምጦኛል።»

«አንተማ እግርህ የካሚዮን ነው። እኔ በአንድ ትንፋሽ ነው የምወጣው።»

ከዚያ ፊታቸውን ጨው ወዳነጣው ሜዳ ያዞራሉ። «ይኼ አገር ነው? ሰው ሽቅብ ሳይወጣ እንዴት ቤቱ ገባ ይባላል?» ይሉና ዝም ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ ዓይናቸው የጠፋውን አማታቸውን፣ የአቶ ሣህሉን እናት፣ ትተው መምጣት ስላልቻሉ እዚያው ተራራው ላይ ቀርተዋል። አምስት ዓመት ሆነ። የቢሮው ታይፒስት ሐረገወይን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ይህን ዝምታ ታያለች። እሷም ዝምተኛ ስለሆነች የዝምታ ዓይነት ትለያለች።

አንድ ጠዋት ካርቦን ወረቀት ታች ረስታ ልታመጣ ስትወርድ፣ ሰዉ ሁሉ ገብቶ አልቋል። አቶ ሣህሉ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ናቸው። ግራ እግራቸውን ያስቀድሙና ቀኙን ጎትተው እጎኑ ያሳርፋሉ፤ እንደ ሕፃን፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት እግር። መደገፊያውን የጨበጠው እጃቸው ደም የሸሸው ይመስል ነበር።

«ደረጃውን እየቆጠርኩ ነበር» አሉ።

«ስንት ሆነ፣ ጋሼ?»

«ዛሬ አርባ ሳይሞላ አይቀርም።»

እዚያው ተቀምጠው ነገሯት። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ራጂ አንሥቷቸዋል። አጥንቱ ደኅና ነው፤ ጠርዙ ላይ ቅንጣት የምታህል እሾህ መሳይ ነገር ብቻ ብቅ ብላለች። «ራጂው ገና ብዙ አይናገርም፤ ሕመሙ ግን ቀድሞ መጥቷል» ብሏቸዋል። «እንዲህ ያለው ጉልበት መጀመሪያ የሚያስታውቀው ደረጃና አቀበት ላይ ነው። ሜዳ ላይ የሚመጣው ቆይቶ ነው።» ስንት ጊዜ ቆይቶ ብለው ቢጠይቁት «እሱን እኔም አላውቅም» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረገወይን አብራቸው ትወጣ ጀመር። በየአራት ደረጃው አንድ ነገር ይወድቅባታል፤ እርሳስ፣ መሀረብ፣ ቁልፍ። አንስታ እስክትጨርስ አቶ ሣህሉ ቆመው ይጠብቃሉ። «እንዲህ ያለች ዝርክርክ ልጅ አይቼ አላውቅም» ብለው ለቢሮው ሁሉ አወሩባት።

በግንቦት የደሴው ቅርንጫፍ ሰው ፈለገ። አቶ ሣህሉ የዝውውር ማመልከቻቸውን እየነገሯት ትጽፍ ጀመር።

«የሐኪሙን ወረቀት ላያይዘው?»

«አብደሻል? አቀበት አትውጣ ይላል እኮ። አለቃችን አቶ ወልደየሱስ ይህን ካነበቡ ‹ለጉልበት ከአሰብ የተሻለ ሜዳ ከየት ይመጣል› ብለው እዚሁ ይተክሉኛል።»

ሳቀች። ስለ እናታቸው ጻፈች፤ ስለ አገልግሎት ዘመናቸው ጻፈች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩና፣ ለእሷ ይሁን ለባሕሩ ሳይታወቅ፣ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩ። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ቀሩ።

«ይህቺን ተያት፣ ልጄ። ማመልከቻ ላይ እንዲህ አይባልም።»

ተወቻት።

አለቃው አቶ ወልደየሱስ ሐረገወይን ያቀረበችላቸውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እናት ማን የለውም? እኔም እናት አለችኝ» አሉ። «ቦታውን የሚፈልጉ አራት ሰዎች ናቸው። ሌላ ምክንያት የላቸውም?» ብዕሩን ሊያስቀምጡ ነው። ሐረገወይን በዚያ ክፍል ውስጥ ከ«እሺ ጌታዬ» ሌላ ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ተናገረች። አቶ ወልደየሱስ ብዕሩን ሳያስቀምጡ ፈረሙ።

አቶ ሣህሉ በሰኔ መጀመሪያ ከይመር ጎን ጋቢና ተቀምጠው ሄዱ። ሲሰናበቷት «የእናቴን ነገር አሳምረሽ ጽፈሽው ነው እሺ ያሉት» አሏት። እሷም አላረመቻቸውም። በማግስቱ ደረጃውን ሳትቆም ወጣችው። ምንም አልወደቀባትም። እንዲያ አጭር መሆኑን ግን አልወደደችውም።

ለአቶ ወልደየሱስ ጠረጴዛውን እያየች የነገረቻቸው፣ አቶ ሣህሉ እንድታስቀረው የለመኗት፣ ይህ ነበር፦

«አሁን ብሄድ አቀበቱን በእግሬ ወጥቼ ደጄን አንኳኳለሁ። ሁለት ዓመት ከቆየሁ ግን፣ አሰጋሽ ናት ወርዳ የምትቀበለኝ።»