አንብቢው የምትል ጓደኛ

አስፈሪ ልብ ወለድ «አንብቡ» እያለ የሚጨቀጭቅ ጓደኛ አላችሁ? ጌታ ያጽናችሁ! የሰፈሬ ልጅ ቤዛ የምትወደውን ደራሲ መጽሐፍ አውሳኝ ግማሹ ላይ ደርሻለሁ። ልብ ያንጠለጥላል፣ አልዋሽም። ችግሩ ቤዛ ስለ ባለታሪኳ ስለ ሄለን የምታወራው እንደ አክስቷ ልጅ ነው።

ቅዳሜ እኛ ቤት የጸሎት ፕሮግራም ነበር። ቤዛ መጥታ «ሄለን እኮ ምድር ቤት ተቆልፎባታል!» ስትለኝ እማዬ ሰማች። ልብ ወለድ ነው ብዬ ሳልጨርስ ለሄለን ጸሎት ተጀመረ። ቤቴል ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም!

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ እንባቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ ልጅቷ ወጣች?» አሉ።

ቤዛ ብድግ አለች። መጨረሻውን እንዳትናገር በዓይኔ ለመንኳት።

«ወጥታለች እትዬ! የቆለፈባት እኮ የገዛ ባሏ ነው!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ያዘንኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ባልየውን ገና መውደድ ጀምሬ ነበር።