የኮኪትን ብሮድባንድ ደግፈው የያዙት ሰው

ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ በሚገባበት ከተማ ሁሉ፣ ከሽቦው በላይ የሚወጠር አንድ ሰው አይጠፋም። የኛው የኮኪቱ ጋሽ ያረጋል ናቸው። ያላቸው አንዲት ኢንተርኔት ቤት ናት፤ እኛ ግን ዞር ሲሉ «ክቡር የመስመር ሚኒስትር» እንላቸዋለን።

ድሮ ሰው ስልክ ካነሳ ኢንተርኔቱ ይቋረጥ ነበር። ስለዚህ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ እህታቸው መውለዷን የሰሙት ልጁ ድክ ድክ ሲል ነው። ብሮድባንድ ሲመጣ ስልኩና ኢንተርኔቱ አብረው ይሠራሉ ተባለ። ጋሽ ያረጋል አላመኑም።

«ይሄማ ምኑ ተነካ፣ ፋይበር ሲመጣ ታያላችሁ» ይላሉ፣ ለሰሊጥ አጫጁ ሳይቀር። ለአጨዳ የመጣ አንድ የወሎ ልጅ ሸሚዙን አጥቦ የረገበው ሽቦ ላይ ቢያሰጣ፣

«ኢንተርኔት ላይ ልብስ ታሰጣለህ?» አሉት።

«አባባ፣ ቶሎ ያደርቃል ብዬ ነው።»

ያን ቀን ግን ቤታቸው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጥኩት እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ወንድሜ ታጠቅ ከካርቱም በፌስቡክ «ወደ ሊቢያ ልወጣ ነው፣ ደላላው በር ላይ እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ስልኩን ሸጦታል፤ ካርቱም ከተቀመጠበት ኢንተርኔት ቤት ከወጣ አላገኘውም። «አትሂድ፣ አባባ መሬቱን ላንተ ይዞልሃል» ብዬ ጽፌ ልልክ ስል መስመሩ ጠፋ።

«ጋሽ ያረጋል፣ ወንድሜ ሊያመልጠኝ ነው» አልኩ።

ባላ እንጨት ይዘው ወጡ። ምስጥ የበላው ምሰሶ አዘንብሎ ሽቦው መንገዱ ላይ ወርዷል፤ ሲረግብ መጋጠሚያው ይለቃል። በባላው ሽቅብ ገፍተው ያዙት። የሞደሟ መብራት በራ።

«ላኪ፣ ይዤዋለሁ።»

ላክሁ። ሰሊጥ እስከ ላይ የጫነ መኪና መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«አንቱ ሰውየ፣ ልለፍ እንጂ» አለ ሹፌሩ።

«ትቆማለህ። የሰው ነፍስ እያለፈበት ነው።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ። ቆይቶ፣ «አይቸዋለሁ እቴ። ደላላውን ሂድ አልኩት» የሚል ከታጠቅ መጣ። ደግሞ መጻፍ ጀመረ።

በሩ ላይ ወጣሁ። ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ነው፤ እንደዚያ ቆመው ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

«ላውርደው?» አሉኝ።

«ትንሽ ይያዙልኝ ጋሼ» አልኩ። «ገና እየጻፈ ነው።»