የክቡር አቶ ኡርፖ ሐሙሶች

ቱሊኪ የኡርፖን ሞት የሰማችው በሕንፃው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንሶላ እያጠፈች ሳለ ነው። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ራይሊ በሩ ላይ ቆማ፣ "ኡርፖ ጠዋት ዐረፈ፤ ልቡ ነው አሉ" አለቻት። ቱሊኪ አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ከአፏ ያመለጣት "ኮምፒውተሬስ?" የሚል ነበር። ወዲያው አፈረች።

ኮምፒውተር የሚያክም ጎረቤት የሌለበት ሕንፃ በፊንላንድ ምድር አልተሠራም። የዚህ ሕንፃ ሐኪም ክቡር አቶ ኡርፖ ነበሩ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ምንም ፈትተውበት የማያውቁትን ካቻቢቴ ከደረት ኪሳቸው ሰክተው፣ ጆሯቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የፋብሪካው ነው።"

የቱሊኪ ባል ታውኖ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ኮምፒውተሩ ከአምራቹ ማሻሻያ መጥቷል አለ። ኡርፖን ደረጃ ላይ አግኝታ ጠየቀቻቸው። ገብተው የመጣውን ሁሉ እሺ፣ እሺ እያሉ ጫኑት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቱሊኪ ድንች ልጣ፣ ቀቅላ፣ በልታ፣ ሳህኑን አጥባ ስትመለስ ማሽኑ ገና ስክሪኑ ላይ ያቺን የ"ጠብቂ" ቀለበት ያሽከረክራል።

የሚያስጨንቃት መዘግየቱ አልነበረም። ታውኖ በየዓመቱ በረዶው ከሐይቁ ላይ በለቀቀ ዕለት ከወጥ ቤቱ መስኮት አንድ ፎቶ ያነሳ ነበር። የዕድሜ ልክ ፎቶዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

"ፎቶዎቹን ብቻ አውጣልኝ" ትላቸዋለች።

"በሚያነክስ ፈረስ ላይ ጭነት አይጨመርም። መጀመሪያ ይዳን። አይዞሽ፣ ሐሙስ እመጣለሁ።"

ሐሙስ ይመጣሉ። አንድ ፕሮግራም ያጠፋሉ፣ ሁለት ይጭናሉ።

"ይቺ የፕሪንተር ማሻሻያ ናት።"

"እኔ ፕሪንተር የለኝም እኮ!"

"ቢኖርሽስ?"

ማራገቢያው ሲያጓራ ቱሊኪ እጇን ማሽኑ ላይ ታደርጋለች፤ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል።

"እሳት ቢነሳስ?"

"ቤቱ ይሞቃላ!"

እንግዲህ ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚበላው ይህንኑ ነው። ታውኖ ከሞተ ወዲህ ከድንች በቀር ምግብ መሥራት ትታ የነበረችው ሴት፣ ክቡርነታቸው ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ቀለበት እያዩ ባዶ ሆዳቸውን እንዳይቀመጡ ብላ ረቡዕ ማታ አተር መዘፍዘፍ ጀመረች። ሁለት ሳህን ይጠጣሉ። ሾርባው ውስጥ የሚጨመረው ሰናፍጭ አነሰ ብለው ይነጫነጫሉ። ከዚያ "አሁንማ ፈጥኗል" ብለው ይወጣሉ። አልፈጠነም።

ከቀብሩ በኋላ ጎረቤቶች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲያወሩ ራይሊ ፈገግ አለች። "የእኔን ኮምፒውተር እኮ አንዴ ቁጭ ብሎ ነው የጨረሰው። የፋብሪካውን ጓዝ ነቅሎ ጣለልኝና ሄደ፤ ውኃም አልቀመሰ።"

የምድር ቤቱ ሽማግሌም "የእኔንም እንዲሁ" አሉ።

ቱሊኪ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የእኔን የበረዶውን ወራት በሙሉ ሲያክመው ከረመ። ሊያድነው አልቻለም።"

ራይሊ ትክ ብላ አየቻት። "አንቺ ሴት፣ ባል የሞተብሽ ነሽ። እዚህ አገር ጉዳይ ሳይኖረው የሰው በር ማን ያንኳኳል?"

ቱሊኪ እንባዋ እስኪመለስ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቷ ሰበሰበች። "ውሸታም!" አለች በመጨረሻ። "ሰናፍጩ አነሰ ይለኝ ነበር።"

"ሐሙስ እኔ ልምጣ?" አለች ራይሊ። "በኮምፒውተር ነገር ምንም አላውቅም እንጂ።"

"ሾርባ አለ።"

ዛሬ ረቡዕ ነው። አተሩ ተዘፍዝፏል። ማሽኑ አዲስ ማሻሻያ መጣ ይላል፤ ቱሊኪ እሺም እምቢም አላለችውም። የሐይቁ በረዶ እየሳሳ ጠቁሯል፤ ከእንግዲህ ብዙ አይቆይም። ፎቶዎቹ ገና አልወጡም።